ድንበሩን አሳጥሪው

ሰንሰልን የማያውቅ የጉለሌ ሰው የለም። ስሙን ባያውቀው እንኳ በየአጥሩ ሥር ሲያልፍ ቅጠሉን ቀንጥሶ፣ በጣቱ አሽቶ ጥሎታል። ሰንሰል ፍግ አይፈልግም፣ ጉድጓድ አይፈልግም፣ ልመናም አይፈልግም። ክረምት ሲገባ ከሰው አጥር ላይ አንድ ዘንግ ቆርጦ መሬት ላይ መሰካት ነው፤ በቃ። ዘቅዝቆ የሰካውንም ሰው አይቻለሁ፤ በቀለለት። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው መሥሪያ ቤት ቢቀጠር የት በደረሰ።

እኔንና ጎረቤቴን አስካለን የሚለየን ይኸው ሰንሰል ነው። እኛ ግን በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ “ድንበሩ” ነው የምንለው። የተከሉት ሁለቱ ባሎቻችን ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። የአስካለ ባል ሸማኔ ስለነበረ ወሰኑን እንደ ድር ክር ወጥሮ አስተካከለው። የእኔው አውቶቡስ ነጂ ነበርና ክሩን ተከትሎ እየሰካ ሄዶ፣ ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ግራ ታጠፈ። እዚያ ጋ የአስካለ መሬት በአንድ እርምጃ ተቀነሰ። ሁለቱም አዩት፣ ሁለቱም ዝም አሉ። ጉርብትና ብዙውን ጊዜ አይቶ ዝም ማለት ነው።

“ወሰናችንን ያሳየን እንጂ ፊታችንን አይከልክለን” ተባብለው ከወገብ በላይ እንዳያድግ ተስማሙ። ተስማሙ ስል እርስ በርሳቸው ነው። ሰንሰሉን የጠየቀው የለም።

በሕይወት ሳሉ ክረምቱ ሲወጣ ተጋግዘው ያስተካክሉት ነበር። ባለቤቴ “ዛሬ ድንበሩን ልገርዘው ነው” ብሎ ሰፈር እስኪሰማ ሲናገር እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። መግረዝ ለተክልም እንደሚባል አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ሴት ነኝ። ቢሆንም ቃሉ ከአፌ አይወጣም። አስካለም በዚህ በኩል እኔኑ ናት። ይህን እዚህ ያነሣሁት ለወሬ አይደለም፤ ኋላ መዘዝ ያመጣው እሱ ነው።

ወንዶቹ ካለፉ በኋላ ሥራው ለእኛ ቀረ። የእኔን ፊት እኔ፣ የእሷን ፊት እሷ በማጭድ እናበጥረዋለን። አናቱ ግን የማንም አልነበረም። እኔ ብነካው “የኔን ቆረጠች” ትለኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት፤ እሷም እንደዚያው ብላ የተወችው ይመስለኛል። ስንከባበር አናቱ ባለቤት አጣ፤ ባለቤት ያጣ ነገር ደግሞ ሲያድግ ነው የሚኖረው። መጀመሪያ አንገታችንን ጋረደን፣ ቀጥሎ አፋችንን፣ ቀጥሎ ዓይናችንን። በመጨረሻ ከአስካለ የቀረልኝ ድምፅዋ ብቻ ሆነ።

“ደህና አደርሽ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?”

ይህን ጠዋት ጠዋት ለቅጠል ነው የምንናገረው። በእድርና በቤተ ክርስቲያን አንተያይም ማለቴ አይደለም፤ ግን እዚያ ሁላችንም እስከ አፍንጫችን በነጠላ የተሸፈንን ነን፣ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በጫማ ነው። አንድ ቀን አስካለ “እንኪ ቅመሽ” ብላ አንድ ሳህን ቆሎ በሰንሰሉ አናት ላይ አሻገረችልኝ። እሷ እዚህ ጋ ያለሁ መስሏት፣ እኔ እዚያ ጋ ያለች መስሎኝ፣ ቆሎው በሙሉ ራሴ ላይ ዘነበ።

“ደረሰሽ?” አለችኝ።

“ደርሶኛል” አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ከፋሲካ በኋላ አስካለ ልጇን ልታርስ አርባ ምንጭ ሄደች። የቤቷን ትርፍ ቁልፍ ለእኔ ሰጥታኝ ነው የሄደችው። “አበባዬን ውሃ አጠጪልኝ፣ ሌላ አደራ የለኝም” አለችኝ። ልጅቱ በደህና ተገላገለች፤ እኔም በስልክ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ምንም ግራ የሚያጋባ ነገር የለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አስካለ ደወለች። አስካለ ስልክ ስታወራ ከአርባ ምንጭ ጉለሌ ድረስ በጉልበቷ የምታሰማ ይመስላታል። ኔትወርኩ ደግሞ አንዱን ቃል ሰጥቶ ሁለቱን ያስቀራል።

“ሄሎ! ትሰሚኛለሽ? ያንን ድንበር አሳጥሪው!”

“ምን?”

“ድንበሩን! አሳጥሪው በናትሽ! እኔ ሳልመጣ አሳጥሪው! እንዲህ ሆነን መኖር አንችልም!”

ተቋረጠ።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ድንበር የሚታጠር ነገር ነው። ሰው ድንበሩን የሚያሳጥረው ደግሞ ጎረቤቱን ሲጠላ ነው። “እንዲህ ሆነን መኖር አንችልም” አለች። ምን ሆነን? ምን አደረግኋት? የልጇ ስልክ ሲይዝብኝ ሳልደውል የዋልኩበት ቀን ነበር፣ እሱ ይሆን? ዶሮዬ ጎመኗን ጭራባት ነበር፤ ግን ጎመኑን ከዶሮዬ ጋር አብራ ስትረግም ሰምቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ባለቤቴ በመሪው ልምድ የታጠፈባት ያቺ አንድ እርምጃ ትሆን? ይህን ሁሉ ዘመን ቆይታ አሁን? የሚጠላ ሰው ደግሞ ለምን የቤቱን ቁልፍ ይሰጣል? ቁልፉ ከአንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያንጠለጠለችው ሴት “አጥር አሳጥሪ” ትለኛለች። ግራ ገባኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ደውሎ ይጠይቃል። እኔ አልጠየቅሁም። “ለምን ጠላሽኝ” ብሎ መጠየቅ ዱቄት እንደ መበደር ቀላል አይደለም። ካለችው ይሁንላት አልኩ።

አዲሱ ገበያ መታጠፊያው ላይ የሥራ ዕቃቸውን ይዘው የሚቆሙ ሰዎች አሉ። ከእነሱ መካከል ቶሎሳ የሚባለውን አመጣሁ። ከእንጦጦ ወዲያ ያለ አገሩ ሚስቱና ልጆቹ አሉት፤ ሥራ የሚያውቅ፣ ምላሱም የማያርፍ ሰው ነው። ሰንሰሉን አሳየሁትና “ድንበሩን ላሳጥረው ነው” አልኩት።

“ጣጣ የለውም ማዘር፤ ዛሬውኑ አሳጥረን እንገባለን” አለኝ።

ሻይ ልጥድለት ገባሁ። ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ቶሎሳ መሰላል ላይ ወጥቶ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሰንሰል በገጀራ ይቆርጠዋል።

“ምን እያደረግህ ነው አንተ?”

“እያሳጠርኩ!”

“ማሳጠር ነው ያልኩህ!”

“እኮ! እያሳጠርኩ ነው!”

“ማሳጠር ማለት… እንዲያጥር!”

“ያጥራል ማዘር። ምን ያስቸኩልዎታል? ገና መጀመሬ ነው።”

“በቆርቆሮ!” አልኩት ጮክ ብዬ።

ቶሎሳ አንድ እርከን ወረደ። “ለማሳጠር ቆርቆሮ ምን ያደርጋል? ገጀራ ይዣለሁ፣ ካነሰም መጋዝ አለኝ።”

ያን ጊዜ ነው መንቃት የነበረብኝ። ያልነቃሁት፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ሴት ነኝ ብዬ ከላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ቃሉ ሁለት ሆኖ ፊት ለፊቴ መሰላል ላይ ቆሞ እያየሁት፣ ቶሎሳን በልቤ “ይኼ ሰውዬ አማርኛ አይገባውም” አልኩት።

እንደ ምንም ተግባባን። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቆርቆሮው የት ይቁም የሚል ነበር። ሰንሰሉ በስፋቱም ቢሆን አልቦዘነም፤ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ይተኛበታል። ወሰኑ መሐሉ ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ግንዱ አለ። በእሷ በኩል ባቆመው መሬት ቀማሁ። በእኔ በኩል ባቆመው መሬት ሰጠሁ።

“ወደዚያ ነው ወደዚህ?” አለኝ ቶሎሳ።

“ወደዚህ” አልኩት። ለጠላኝ ሰው መሬቴን እየጨመርኩ መጠላቴን አጠርኩት። ልጄ ከሰሚት ደውሎ ይህን ሲሰማ “እማዬ፣ ማነው እንደዚህ የሚያጥረው?” አለኝ። “እኔ” አልኩት። ሌላ አልጠየቀም፤ አባቱን መስሏል።

ቶሎሳ ከቆረጠው የሰንሰል ዘንግ እየመረጠ በእኔ በኩል በመስመር ሰካ፤ በላያቸውም ሲባጎ ወጥሮ መስመሩን አስተካከለ። ከዚያ ቆርቆሮው መጣ። በቀጨኔ ቁልቁለት ቆርቆሮ ተሸክሞ መውረድ ሰርግ ከማወጅ አይለይም። በየድንጋዩ ጫፉ ሲነካ ሰፈሩ በሙሉ በሩን ከፍቶ ያያል።

“ለጣሪያ ነው እትዬ?” ይላሉ።

“አይ፣ ለአጥር።”

“ከማን ጋር?”

ከማን ጋር ይላሉ እንጂ በየት በኩል አይሉም። ጉለሌ ነዋ።

ቆርቆሮው ቆመ። ቶሎሳ ምሰሶውን እያንኳኳ “አሁን ድመትም አያልፍም” አለኝ። እውነቱን ነው። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልከፍት ስወጣ የውሃ ቆጣሪዬ የለም። ቧንቧዬ ስለሚያንጠባጥብ ማታ ማታ ከቆጣሪው ላይ እዘጋዋለሁ፤ ቆጣሪው ያለው ደግሞ ሰንሰሉ ሥር ነው። አጥሬው ነበር።

ስለዚህ የራሴን ውሃ ለመክፈት ባልዲዬን አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ደርቤ፣ ከግቢዬ ወጥቼ፣ በጭቃው ዞሬ፣ የአስካለን በር በአስካለ ቁልፍ ከፍቼ እገባለሁ። ከፍቼ እመለሳለሁ። ማታም ለመዝጋት እንዲሁ። ከገባሁ አይቀር ብዬ አበባዋን አጠጣለሁ፤ ክረምት ስለነበረ አበባው አልጠማውም፤ አደራ ግን አደራ ነው። ከአጥሩ በፊት በሳምንት አንድ ጊዜ እሄድ የነበርኩት ሴትዮ፣ ካጠርኩ በኋላ ከአስካለ ግቢ አልጠፋ አልኩ። ሰው እያየ ነው። ከአንድ በር ወጥታ ሌላ በር የምትገባ፣ ደግሞ የምትመለስ አሮጊት ምን ትባላለች?

በዚህ መሐል አስካለ ደግማ ደወለች።

“አሳጠርሽው?”

“አሳጠርኩት።”

“በደንብ?”

“በደንብ።”

“እሰይ! ተገላገልን!”

ተገላገልን። ልጇ ስትወልድ እንኳ እንዲህ በደስታ አላለችውም። “ሰላም ሁኚ” ብዬ ዘጋሁትና ምስር መልቀም ጀመርኩ። ለቀምኩት፣ ለቀምኩት፤ ጠጠሩን ድስቱ ውስጥ፣ ምስሩን ደጅ እየጣልኩ መሆኔን ያየሁት ዶሮዬ ስትጠግብ ነው።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። የእድራችን ጋሽ መኩሪያ ሁለት ሰው አስከትለው፣ ሦስቱም ጃንጥላ ይዘው ገቡ። ጋሽ መኩሪያ በከዘራቸው ቆርቆሮውን ነካ አደረጉት፤ ጮኸ።

“ማን አጠረው?” አሉኝ።

“እኔ።”

“ማን አሳጠረሽ?”

“አስካለ።”

“አስካለ የት አለች?”

“አርባ ምንጭ።”

ጋሽ መኩሪያ ጓደኞቻቸውን አዩ፤ ጓደኞቻቸው ቆርቆሮውን አዩ።

“እስቲ ቀስ ብለን እንየው። መሬት የጎደለባት ማን ናት?”

“እኔ።”

“ውሃ የራቃትስ?”

“እኔ።”

“ያኮረፈችዋ?”

“እሷም እኔው ነኝ” አልኳቸው።

“ታዲያ ማንን ከማን እናስታርቅ?” አሉ። ሻያቸውን ጠጥተው ተነሡ። ባዶ እጅ አይወጣምና መረቁኝ፤ ምርቃታቸውም “እግዚአብሔር ከራስሽ ጋር ያስታርቅሽ” የሚል ሆነ። አሜን አልኩ።

ክረምቱ ሲገፋ አንድ ቀን በእኔ በኩል፣ ከቆርቆሮው ሥር አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቶሎሳ ሲባጎ የወጠረባቸው ዘንጎች ናቸው። አንዱም ሳይቀር ቅጠል አውጥቷል። ማንም ያልነቀላቸው፣ ማንም ያልተከላቸው፣ በመስመር ተሰልፈው በቅለዋል። ስለዚህ ከእኔ ወደ አስካለ ሰንሰል፣ ቆርቆሮ፣ ሰንሰል ሆነ። አንድ አጥር አጥሬ ሦስት አገኘሁ። ለመለያየት እንዲህ የተሳካለት ሰው ያለ አይመስለኝም።

አስካለ የመጣችው ለእንቁጣጣሽ ነው። የሚኒባሱን በር፣ የሻንጣዋን ጎማ፣ የራሷን ማለክለክ ሰማሁ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ተንኳኳ።

“አለሽ?”

“አለሁ።”

“ምን አድርጌሽ ነው?”

ይህን ጥያቄ እኔ ነበርኩ አዘጋጅቼ የቆየሁት። ቀደመችኝ።

“አሳጥሪው አላልሽኝም?” አልኳት።

“አዎ፣ አሳጥሪው ብያለሁ!”

“አሳጠርኩታ!”

“የታለ ያጠረው?”

“ይኸው! የምታንኳኪው ምንድን ነው?”

“ይኼ ነው ያጠረ? ከጣሪያዬ በላይ የቆመው ነው ያጠረ?”

“ታጥሯል እኮ!”

“አላጠረም እኮ!”

ቆርቆሮው መሐላችን ዝም ብሎ ቆሟል። እኔ በዚህ በኩል፣ ቃሉን እንደ ምስር እየለቀምኩ ቆየሁ። አጠረ። አጠረ። የመጀመሪያው አጥር ያለው ነው። ሁለተኛው ቁመት የሌለው ነው። ቶሎሳ መሰላሉ ላይ ሆኖ ታየኝ።

“አስካለ” አልኳት። “ቁመቱን ነው እንዴ?”

“ታዲያ ምኑን ኖሯል?”

“ለምን… እንደዚያ… ባሎቻችን ይሉት እንደነበረው አላልሽኝም?”

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “አማቼ አጠገቤ ተቀምጦ ‘ግረዢው’ ልበልሽ?”

“ከርክሚው አይባልም?”

“ከርክሚው…” አለች። “ከርክሚው። አዎ፣ ይባላል።” ይህን የሚያህል ቃል፣ ጨዋ ሆኖ፣ አገር የሚያውቀው ሆኖ፣ ለሁለት ጨዋ ሴቶች ሳይታሰባቸው መክረሙ ገረመን።

“ለመሆኑ ምን አስቸኮለሽ? ይህን ሁሉ ዘመን ረዝሞ ስንኖር” አልኳት።

“ልጄ ናት። ‘እትዬ ሸብተዋል ወይ?’ ብላ ጠየቀችኝ፤ አንቺን ማለቷ ነው። ባስብ፣ ባስብ አላወቅሁም። አጠገቧ እየኖርሽ እንዴት አታውቂም አለችኝ። ‘ድምፅዋ አልሸበተም’ አልኳት።”

ዝገት ጀምሮት እንደሆን ልይ ብዬ ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ አልኩ። አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ ዝገት የለውም። እንደዚያም ሆኖ ትንሽ ቆየሁ።

“እንጀራ በልተሻል?” አልኳት ቀና ስል።

“አልበላሁም።”

“ዙሪና ነይ።”

ዞራ መጣች፤ በላን፤ ወሬዋ የልጅ ልጇ ነበር። ቤት ውስጥ መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ ነጠላዋንም ከራሷ ስላላወረደች አሁንም በደንብ አልተያየንም።

በማግስቱ ቶሎሳን አስጠራሁት። ሲባጎውን የያዙለት ዘንጎች በቅለው ሲያይ “ማዘር፣ መሬትዎ ለም ነው፤ መዶሻዬን እዚህ አልረሳም” ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሰላሉን አቆመና አንገቱን ሰገግ አድርጎ ጠየቀኝ።

“ዛሬስ የትኛው ማሳጠር ነው?”

አፌን አልከፈትኩም። እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁና አሳየሁት።

ቆርቆሮው ተነቀለ፤ ግማሹ ለዶሮ ቤቴ፣ ግማሹ ለአስካለ ማድ ቤት ጣሪያ ሆነ። ሰንሰሉ ከአናቱ ጀምሮ እየተቆረጠ ወረደ። መጀመሪያ የአስካለ ጣሪያ ታየኝ፣ ቀጥሎ የልብስ ማስጫ ገመዷ። ውሃ ቆጣሪዬም ከሥሩ ብቅ አለ። በእኔ በኩል በራሱ ጊዜ የበቀለውን ትንሹን ሰንሰል አላስነቀልኩትም፤ አናቱ የማን እንደሚሆን ግን ከአሁኑ ተነጋግረናል።

አስካለ ከዚያ ወዲያ ቆማ ትጠብቃለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳለች። እኔም ሻሼን ፈትቼ ይዤው ነበር፤ መቼ እንደፈታሁት አላስታውስም። ቶሎሳ የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ሲጥለው ተያየን። ቆይታ ቆይታ አየችኝ።

“ሸብተሻል” አለችኝ።

“ደህና አደርሽ ይቀድማል” አልኳት። እሷም ሸብታለች፤ ግን አልነገርኳትም።

ስልኳን ከብብቷ አወጣችና ደወለች። “ሄሎ! ትሰሚኛለሽ? ሸብታለች! አዎ፣ ጥጥ መስላ! አሁን አየኋት!” ጮኸች፤ ቶሎሳ ገጀራውን ይዞ ቆመ። “ድንበሩማ አጥሯል! አሳጠረችው! አሳጠረችው አልኩሽ እኮ!”

ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠና ወደ እኔ እያየች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

“ኧረ ልጄ፣ አልተጣላንም!”